ውሃ ሰማያዊ ቀለም ለጎንደር ቤት ይሆናል? ከጥያቄው እስከ 20ኛው ምላሽ

ጥያቄው የተለጠፈው ኅዳር ላይ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ለጥምቀትና ለጥር ሰርግ ቤት የሚታደስበት ወቅት። ጠያቂዋ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለ ቤት ሁለት ክፍል ልታስቀባ ነው። የሳሎኑ መስኮት ወደ ሰሜን፣ የመኝታ ቤቱ ወደ ምዕራብ ይከፈታል። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ በላዩ ላይ ክሬም የዘይት ቀለም አለ። የመረጠችው ውሃ ሰማያዊ ነው። በዙሪያዋ ያለው ሰው ግን ቤት ያቀዘቅዛል፣ ሲቆይ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል እያለ ልቧን ከፍሎታል። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው፦ ወሬው እውነት ነው ወይ፣ የዘይት ይሻላል ወይስ የውሃ፣ ስንት ጋሎን ይበቃል። የክፍሎቹን ልክም ጽፋለች፦ እያንዳንዱ 4 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.80፣ አንድ በርና አንድ መስኮት። ውይይቱ ፍሬ ያፈራው በከፊል ጥያቄው እንዲህ ተሟልቶ ስለቀረበ ነው።

1ኛው ምላሽ እህቴ ብሎ በሰላምታ ጀመረ። የግድግዳ ቀለም የክፍሉን ሙቀት እንደማይለውጥ አስረዳ፤ የሚለወጠው ስሜቱ ብቻ ነው። የጎንደር ቤት ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ስለሌለ፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ስለሆነና የበሩ ሥር ክፍተት ስላለው ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከቀለሙ በፊት ኮርኒሱ እንዲሠራ መከረ። 2ኛው በዚህ ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ፦ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ስለማያገኝ ሳሎኑ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም በረዶ ይመስላል፤ ስለዚህ ለመኝታ ቤቱ ብቻ ይሁን።

3ኛው ምላሽ ያረመው ይህንን ነው፤ ከውይይቱ ክር ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩትም እሱን ነው። ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ አያይም የሚለው ምክር ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ነው፤ በሁለቱ መካከል ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ችግሩ ያ ጊዜ በአብዛኛው ክረምት መሆኑ ነው፤ ደመናው ይጋርዳታል። በጋውን ሁሉ፣ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ፣ ሰሜኑ መስኮት የሚያገኘው ከሰማይ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ብቻ ነው፤ ያ ብርሃን ራሱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሰማያዊ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ክፍሉ የሚቀዘቅዝ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀለሙን መተው አይደለም። አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን መምረጥና ጥቂት ቀይ ኦክሳይድ ጠብ አድርጎ ጥራቱን መስበር ነው። ጥቁር አይጨመርም፤ ጥቁር ቀለሙን ያቆሽሸዋል። ምዕራብ የሚያየው መኝታ ቤት ከሰዓት በኋላ የሚገባው ብርሃን ወርቅማ ስለሆነ የፈዘዘው ሰማያዊ እዚያ ግራጫ መስሎ ይታያል፤ ለእሱ ትንሽ ጠንከር ያለ ይሻላል። ሁለቱን ክፍሎች ከአንድ ባልዲ መቀባት እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የተናገረ በክሩ ውስጥ የለም።

አረንጓዴ ይሆናል የሚለውን 4ኛውና 5ኛው ተከፋፍለው መለሱት። 4ኛው ጥፋቱን የዘይት ቀለም ላይ አሳረፈው። የዘይት ቀለም እያደር ቢጫ ያወጣል፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ደግሞ የበለጠ፤ ከቁም ሳጥን ጀርባና ከመጋረጃ ሥር ያለው ቁራጭ መጀመሪያ ይለወጣል። ነጭ ሲሆን ክሬም ይሆናል፣ ውሃ ሰማያዊ ሲሆን አረንጓዴ። በውሃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለም ይህ ጠባይ የለውም። 5ኛው ደግሞ ሁለተኛ ምክንያት አለ አለ፤ ቀለም መሸጥ ሥራው እንደሆነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ነጩን ወደ ሰማያዊ የሚለውጡት ማቅለሚያዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ፍታሎ የሚባለው ሰማያዊ ከመነሻው ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ አልትራማሪን የሚባለው ወደ ሐምራዊ። ፍታሎ በቀን የጠራ ሰማይ ይመስላል፤ ማታ ቢጫ አምፖል ሲበራበት ግን አረንጓዴነቱ ይወጣል። ስለዚህ አምፖሉ ቀድሞ ይወሰን። በኤልኢዲ አምፖሉ ካርቶን ላይ 3000 ኬልቪን የሚል ከሆነ ቢጫ ነው፣ 6500 ከሆነ ነጭ ሆኖ ሰማያዊውን ያጠነክረዋል፤ ለሳሎን 4000 የሚለው ይስማማል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ብዙ ሰው ቀለሙ ተበላሸ ብሎ የሚያማርረው አምፖል ቀይሮ ሊያስተካክለው በሚችለው ነገር ነው።

ቀለሙ እንዴት ይቀላቀል የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። 6ኛው ምላሽ ነጭ ቀለም ገዝቶ ቀቢው በዓይኑ እያየ ማቅለሚያ ይጨምርበት፣ በማሽን ከሚቀላቀለው ይረክሳል አለ። 7ኛው ተቆጣ። በዓይን የተቀላቀለ ቀለም አራተኛው ግድግዳ ላይ ቢያልቅ ዳግመኛ እንደማይገኝ፣ ለጥገናም ጠብታ እንደማይተርፍ፣ እንዲህ የሚመክር ሰው ሌላ ሰው ቤት ሠርቶ እንደማያውቅ ጻፈ። የመጨረሻዋ ቃል አላስፈለገችም፤ ሐሳቡ ግን እውነት ነው። 8ኛው ሁለቱን አስታረቀ፦ በእጅ መቀላቀል ይቻላል፣ በልክ ከሆነ። ከፋርማሲ 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ይገዛል። ለእያንዳንዱ ሊትር ነጭ ቀለም በ1 ሚሊ ሊትር ይጀመራል፤ ፍታሎ ኃይለኛ ስለሆነ ከዚያ በግማሽ ሚሊ ሊትር እየጨመሩ መሄድ ነው። ማቅለሚያው ባልዲው ውስጥ በቀጥታ አይንጠባጠብም። በአንድ ኩባያ ቀለም በደንብ ከተመታ በኋላ ይገለበጣል፤ አለበለዚያ ሳይሟሟ የቀረው ሩሎው ሥር ፈንድቶ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ መስመር ይጎትታል። ከጠቅላላው ከመቶ 5 እጅ እንዳያልፍም አሳሰበ፤ ማቅለሚያው ራሱን ችሎ ስለማይደርቅ ሲበዛ ቀለሙ በእጅ ይለቃል። የተጨመረው ልክ ክዳኑ ላይ ይጻፋል። በማሽን የተቀላቀለም ቢሆን የአንድ ክፍል ጋሎን ሁሉ ከመቀባቱ በፊት በአንድ ትልቅ ባልዲ ይደባለቅ፤ በሁለት ጋሎን መካከል ያለው ትንሽ ልዩነት ነጭ ላይ አይታይም፣ ውሃ ሰማያዊ ላይ ግን ማዕዘኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ናሙናን በተመለከተ የተነሳው አጭር ነበር፣ ግን እዚህ ልተወው አልችልም። 9ኛው ግድግዳው ላይ በእጅ መዳፍ ልክ ቀብቶ መፍረድን አጥብቆ ተቃወመ፤ ከሥሩ ያለው ክሬም ዓይንን ያታልላል። 60 በ60 የሆነ ኮምፔንሳቶ ሁለት እጅ ይቀባና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ፕላስቲክ ቀለም እርጥቡ ፈዘዝ ብሎ ታይቶ ሲደርቅ ይጠነክራልና። ከዚያ በየግድግዳው እየተደገፈ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ በአምፖል ይታያል። አራቱ ግድግዳ ሲቀባ አንዱ ሌላውን ስለሚያንጸባርቅ ቀለሙ ከናሙናው የጠነከረ ይመስላል፤ ስለዚህ ሁለት መካከል የሚያወላውል ሰው የፈዘዘውን ይውሰድ።

ከ10ኛው ጀምሮ ነገሩ ወደ ግድግዳው ራሱ ሄደ፤ ለእኔ የክሩ ልብ ይኼ ነው። 10ኛው እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ደረቅ ግድግዳን የሚመለከት መሆኑን አስታወሰ። ጭቃ በሲሚንቶ ሲለሰን ከመሬት የሚወጣው እርጥበት መተንፈሻ ያጣል፤ በላዩ የዘይት ቀለም ሲደረብ ጭራሽ ይታፈናል። ከወለሉ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መጀመሪያ የእንጀራ ዓይን የሚያህሉ እብጠቶች ይታያሉ። በጥፍር ሲነኩ ይሰበራሉ፤ ከጀርባቸው ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ዱቄቱ ውሃው ሲተን ጥሎት የሚሄደው ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ አይታጠብም፤ ከታጠበ ሟሙቶ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይገባል። ክሬም ላይ ይህ እድፍ ብዙም አይጎላም፤ ውሃ ሰማያዊ ላይ ግን ነጭ ካርታ ሆኖ ይታያል። ሰው ታዲያ ሰማያዊው ለቀቀ ይላል።

መፈተኛውንም ሰጠ። 50 በ50 የሆነ ላስቲክ ከግድግዳው ታችኛ ክፍል ላይ አራቱም ጠርዝ በእስኮች ተለጥፎ 24 ሰዓት ይቆያል። ላስቲኩ ሲነሳ ጠል ያረፈው ከጀርባው፣ ግድግዳው በኩል ከሆነ እርጥበቱ ከግድግዳ ነው፤ ከፊት ከሆነ የክፍሉ አየር ነው፣ መስኮት በመክፈት ይቀላል። ከግድግዳ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ውጭ ነው፦ ግድግዳው ላይ የተከመረ አፈር ካለ ከውስጠኛው ወለል ዝቅ እስኪል ይነሳ፣ ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ይገጠምለት፣ የዝናቡ ውሃ ከመሠረቱ የሚርቅበት ቦይ ይቆፈር። ይህ ሳይሆን ቀለም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

11ኛው ምላሽ የዘይት ቀለምን ሊከላከል ተነሳ። የልጅ እጅ፣ የቡና ጠብታ፣ የሶፋ ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረገው ዘይት ሲሆን ብቻ ነው፤ የውሃ ቀለም ደግሞ ለድሃ ቤት ነው አለ። 12ኛው ቃሉን ሳይመርጥ መለሰለት፤ ሰው ቤት እርጥበት እያፈነ ንጽሕና የሚሸጥ ቀቢ ከተማውን አበላሸው የሚል ነበር። ሁለቱ ሲናጩ አንድ እውነት ከመሃል ጠፋ፦ በብሎኬት ተሠርቶ በደንብ በደረቀ ቤት፣ ኮሪደርና ኩሽና ላይ እስከ 1.20 ሜትር ዘይት መቀባት ጥፋት የለውም። ጭቃ ላይ ግን 12ኛው ትክክል ነው። ለሚታጠብ ግድግዳ ዛሬ ከፊል አንጸባራቂ ፕላስቲክ ቀለም አለ።

13ኛው ከዚህ ተነስቶ ወደ ኖራ ወሰደን። ኖራ ከጭቃና ከድንጋይ ግድግዳ ጋር የሚስማማ፣ እርጥበት የሚያስወጣ ነው፤ የፋሲል ግቢ ድንጋዮች የተያያዙትም በኖራ ነው። አሠራሩን ጻፈ፦ 5 ኪሎ የተፈታ የኖራ ዱቄት በ10 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ሌሊቱን ያድራል፣ ጠዋት በጨርቅ ይጠለላል። ከ100 እስከ 150 ግራም አልትራማሪን ለብቻው በውሃ ይለወስና ይጨመራል። የፕሩሲያ ሰማያዊ እንዳይሆን፤ ኖራ ውስጥ ቀለሙ ይሞታል። ግድግዳው በውሃ ረጠብ ተደርጎ በሰፊ ብሩሽ ሦስት ወይም አራት ስስ እጅ ይቀባል። የመጀመሪያው እጅ ሲቀባ ምንም ያልተቀባ ነው የሚመስለው፤ ሥሩ ያለው ሁሉ ይታያል፣ ሰማያዊውም ጭቃማ ነው። ሲደርቅ ከጠርዝ ወደ መሃል እየነጣ ይመጣል፤ እርጥቡን አይቶ ማቅለሚያ የጨመረ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዓይንና እጅ ይሸፈን፣ ኖራ ያቃጥላል። 14ኛው እፍኝ ጨው ቢጨመርበት አይለቅም ሲል 15ኛው አረመው፦ ጨው እርጥበት ስለሚስብ 10ኛው የገለጸው ዓይነት ግድግዳ ላይ እድፉን ያባብሳል። ይኸው 15ኛ ኖራ የዘይት ቀለም ላይ ፈጽሞ እንደማይዝ፣ ጠያቂዋም ኖራ ከፈለገች አሮጌውን ቀለም እስከ ልስኑ ድረስ ማስፋቅ እንዳለባት አስታወሰ።

በዚህ መካከል ክሩ መንገድ ሳተ። 16ኛው ሰማያዊ ግድግዳ ዝንብ ያባርራል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው 17ኛ በቆላ የገንዲ ዝንብ የሚያዝበት ወጥመድ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ እንደሆነ፣ ቀለሙ የሚያባርር ሳይሆን የሚስብ ሆኖ እንደተመረጠ ጠቅሶ ተስፋውን ቆረጠው። በዚያው ፒያሳ ያሉት በጣሊያን ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተሠሩት ሕንፃዎች በፈዛዛ ቢጫ መታወቃቸውን አንስቶ የጎንደር ቤት ውስጡም ቢጫ ቢሆን ይሻላል ወደሚል ክርክር ገባ። 18ኛው ቆጣ ብሎ መለሳቸው፤ ሴትዮዋ የጠየቀችው ስንት ጋሎን እንደሚበቃ ነው፣ እስካሁን የቆጠረላት የለም ብሎ። እውነቱን ነበር።

ሒሳቡንም ራሱ ሠራው። አራቱ ግድግዳ ዙሪያው 16 ሜትር፣ በ2.80 ሲባዛ 44.8 ካሬ ሜትር። በሩ 0.90 በ2.10፣ መስኮቱ 1.50 በ1.20 ቢሆን ወደ 3.7 ይቀነሳል፤ ቀሪው 41 ካሬ ነው። ሁለት እጅ ሲቀባ 82 ካሬ። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ለአንድ ክፍል 8.2 ሊትር። ሁለት ባለ 4 ሊትር ጋሎን ይበቃል የሚል ቀቢ የሚሳሳተው በዚህች ጥቂት ነው፤ ሩሎውና ትሪው የሚጠጡት ሲጨመር ቀለሙ የሚያልቀው የመጨረሻው ግድግዳ ግማሽ ላይ ነው። ለየክፍሉ 9 ሊትር ይያዝ። ልስኑ ሻካራ ከሆነ ሊትሩ 8 ካሬ ብቻ ስለሚሸፍን 11 ሊትር። ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ፕራይመር ለየክፍሉ ከ4 እስከ 5 ሊትር ለብቻው።

ቅደም ተከተሉ ላይ ደግሞ አልቸኮለም። ያለው ቀለም በእርግጥ ዘይት መሆኑ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ተፈትጎ ይታወቃል፤ ጥጡ ቀለም ካነሳ ፕላስቲክ ነው፣ ካላነሳ ዘይት። የተነሳውና ያበጠው በስፓቱላ እስከ ጠንካራው ይፋቃል። የቀረው በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪሞት ይፈተጋል፤ በእርጥብ ይሁን፣ አሮጌ የዘይት ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል አቧራው ለልጆች አደገኛ ነው። ስንጥቁ ይደፈናል፤ ከወለሉ እስከ ግማሽ ሜትር ግን ጀሶ አይግባ፣ እርጥበት ያለሰልሰዋል። ስቱኮ በሁለት ስስ እጅ፣ በመሃል ይድረቅ፤ በ180 ቁጥር ይለስልስ፤ አቧራው ይጠረግ። ቀጥሎ ለዘይት ቀለም የሚሆን ማጣበቂያ ፕራይመር፣ ከዚያ የመጀመሪያው እጅ ከመቶ 15 ውሃ፣ ሁለተኛው ከመቶ 5። ውሃ ያበዛ ቀቢ ቀለሙን አተረፍኩ ይላል፤ ደርቆ በእጅ ሲነካ ግን እንደ ጠመኔ ይለቃል። የጎንደር በጋ አየር ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ ቶሎ ይይዛል፦ ማዕዘኑን በብሩሽ ዙሪያውን ጨርሶ ምሳ በልቶ በሩሎ መመለስ አይቻልም፣ በግድግዳው ላይ ፍሬም ይወጣል። አንዱ ሰው በብሩሽ ሜትር ሲቀድም ሌላው በሩሎ ይከተለው፤ አንድ ግድግዳ ሳይቋረጥ ይጨረስ። ክረምት ከሆነ በተቃራኒው በመጀመሪያውና በሁለተኛው እጅ ቀለም መካከል ቀን ይለፍ።

ጠያቂዋ 19ኛ ሆና አመስግና ተመለሰች። ላስቲኩን ለጥፋ እንደነበርና ከጀርባው ደረቅ ሆኖ እንዳገኘችው ጻፈችና አንድ ነገር ቀረኝ አለች፦ ሳሎኑ ጥግ ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ግድግዳ ወደ ቡናማ ሄዷል፣ ሰማያዊው ሥር ይደበቅ ይሆን?

20ኛው በዝርዝር መለሰ። አይደበቅም፤ የጭስ ቅባት በውሃ ቀለም ውስጥ እየሟሟ ሁለትና ሦስት እጅም ተደርቦበት ይወጣል፣ ውሃ ሰማያዊ ላይ ደግሞ የዛገ ነገር መስሎ። በለብታ ውሃና በኦሞ ይታጠብ፣ ከታች ወደ ላይ፤ ከላይ ከተጀመረ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ ደረቁ ላይ መስመር ይሠራል። በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፣ ሁለት ቀን ይድረቅ። ነጭ ጨርቅ ሲታሽበት አሁንም ቢጫ የሚያነሳ ከሆነ ያ ጥግ ብቻ በአኳራጅ የሚቀጥን እድፍ ከልካይ ፕራይመር አንድ እጅ ይቀባ፤ ግድግዳው ደረቅ መሆኑ ስለተረጋገጠ እዚያ ጉዳት የለውም። የተቀባው ቀለም በሰዓታት ቢደርቅም የሚጠነክረው በአንድ ወር አካባቢ ነው። እስከዚያ በእርጥብ ጨርቅ እንዳይፈተግ፣ ሶፋው ከግድግዳው አንድ ስንዝር እንዲርቅ፣ የከሰል ምድጃውም ወደ መስኮቱ እንዲጠጋ ነግሯታል።